ከኋላዋ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ የሥራ ፍጥነቴን በእርሷ ልክ ላድርገው?

ኮሌታ ገጣሚዋ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስቱ የቤት ጓደኞቼ ተኝተዋል፤ እኔ ደግሞ በስልኬ ብርሃን ይህን እጽፋለሁ። ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሸሚዝ ስሰፋ አራት ዓመት ሆኖኛል። በእኛ መስመር 34 ማሽን አለ። ሁላችንም ፊታችንን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረን፣ እንደ ተማሪ አንዳችን ከሌላችን ጀርባ እንቀመጣለን። ሥራው ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። ከኋላዬ ያለችው ትከሻውን ትገጥማለች፣ እኔ ኮሌታውን እገጥማለሁ፣ ከፊቴ ያለችው ደግሞ እጅጌውን። በፋብሪካው ውስጥ በስማችን የሚጠራን ሰው የለም፤ ሱፐርቫይዘራችን «ኮሌታ! ኪስ! እጅጌ!» እያለ ነው የሚጣራው። እኔም እዚህ ላይ ጓደኛዬን እጅጌ እላታለሁ። ቀኑን ሙሉ የማየው ጀርባዋን ነው። ከፀጉር መሸፈኛዋ በታች አንገቷ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ ከራሴ መዳፍ ይልቅ አውቃታለሁ።

እኔ ፈጣን ነኝ። ለመኩራራት ብዬ አይደለም፤ አባቴ ይርጋለም ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እግሬ መሬት ሳይደርስ የሲንጀሩን መርገጫ የማውቅ ልጅ ነበርኩ። መርፌው ሲሄድ እጄ አብሮ ይሄዳል እንጂ አስቤበት አይደለም።

ጥር ውስጥ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ከሥራ ጥናት ክፍል አንድ ልጅ ሰዓት ይዞ መጥቶ ከጎኔ ቆመ። አሥር ሸሚዝ ቆጠረ። ሰው ሲያየኝ ደግሞ እጄ ይብስበታል፤ ሞኝነቴ ነው። አንዱን ኮሌታ በ50 ሰከንድ ጨረስኩ። «ጎበዝ» ብሎኝ ሄደ። ቀኑን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በሳምንቱ ሰኞ ስንገባ በመስመሩ ራስጌ ባለው ሰሌዳ ላይ በሰዓት 55 የነበረው ታርጌት 65 ሆኖ ተጽፏል።

ማንም ምንም አላለኝም። ማለት ግን የግድ በአፍ አይደለም። አምስት ሆነን ከአንድ ሳህን ምሳ እንበላ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ሐሙስ ዕለት ሳህኑ አጠገብ ስደርስ ቦታ አልነበረም። «ሞልቷል» አለችኝ አንዷ፤ አራት ሰው ተቀምጦ።

ከዚያ ክምሩ መጣ። በእኛ ፋብሪካ በሁለት ማሽን መካከል ከ10 ሸሚዝ በላይ መከመር ክልክል ነው። የእኔ እጅ ይሮጣል፣ እጅጌ አትደርስም፣ ዐሥሩ ይሞላል፣ እኔ ማሽኔን አቁሜ እቀመጣለሁ። ቁጭ ብዬ ጀርባዋን አያለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ይመጣና ክምሩ ያለው ከእርሷ ጎን ስለሆነ በእርሷ ላይ ይጮኻል። ቦነስ የሚከፈለው ደግሞ መስመሩ በሙሉ ታርጌት ሲሞላ ነው፤ ካልሞላ ለ34ታችንም የለም። እንግዲህ አስቡት፤ ታርጌት በማስጨመሬ እኔን ጠሉኝ፣ ታርጌት ባለመሙላቷ እርሷን ጠሏት። ታርጌት ስላልሞላ ተብሎ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቆይተናል፤ የዚያን ዕለት አውቶቡስ ውስጥ እጅጌ ብቻዋን ቆማ ነበር የሄደችው።

እጅጌ ሥራ ቦታ ውኃ መጠጣት ትታለች፤ ከጠጣች ሽንት ቤት መሄድ አለ፣ ከሄደች ክምሩ አለ። የቀኝ እጇን አንጓ በሻሽ ጠምጥማ ትመጣለች። እኔ ይህን ሁሉ ከኋላዋ ተቀምጬ አያለሁ።

ስለዚህ ፍጥነቴን ቀነስኩ። ማንም አላዘዘኝም። ክሩን ሁለት ጊዜ እቆርጣለሁ፣ ኮሌታውን አንዴ ካስተካከልኩ በኋላ ደግሜ አስተካክላለሁ፣ ያልተጨማደደ ጨርቅ በእጄ እዳብሳለሁ። እጅጌ አንዱን ስትጨርስ እኔም አንዱን እጨርሳለሁ። አምስት ሳምንት ሆነኝ። ሸክም የማራገፍ ያህል እንደሚያሳርፈኝ ነበር የጠበቅሁት። የሆነው ሌላ ነው። እጄ ልማዱን አጣ። መርፌው መሀል መንገድ ላይ ሲቆም እኔም መሀል ላይ እቆማለሁ፤ ስፌቱ ይዘላል። ፊት በወር ሁለት ሸሚዝ ቢመለስብኝ ነው፤ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ስድስት ተመለሰብኝ። አንገቴ ከጆሮዬ ሥር እስከ ትከሻዬ ይነድዳል። ቤት ስገባ ሰው ሲያናግረኝ እቆጣለሁ፤ ትናንት በአንድ ማንኪያ ምክንያት አንዷን የቤት ጓደኛዬን አስለቀስኳት። ቀስ ብዬ ስሠራ ዋልኩ እንጂ ዐርፌ አልዋልኩም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያለው ሰው በሰዓት ተለክቶ ሠርቶ አያውቅም መሰለኝ።

የሚያናድደኝ ደግሞ እጅጌም አልተሻላትም። ክምሩ ቀንሷል፣ ጩኸቱም እንደዚያው፤ እርሷ ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል አትሰጠኝም፤ ሰላምታውም ቀዝቃዛ ነው።

እናንተ ከሰው ጋር በአንድ መስመር የምትሠሩ፣ ፍጥነታችሁን ከጎረቤታችሁ ጋር እንዴት ታስማማላችሁ? እኔ እንደ ቀድሞዬ ልሩጥና የመጣው ይምጣ? ወይስ በዚሁ ልቀጥል? ቦታ ቀይሩኝ ብል ደግሞ ከእርሷ መሸሽ ይመስላል።


ባለሰዓቱ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ በመጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። አንቺን የለካሽ ልጅ እኔ አይደለሁም፤ ግን ለስድስት ዓመት ያንን ሰዓት ይዤ ከሰው ጎን ስቆም ኖሬያለሁ። ፈጣኗን ሠራተኛ፣ ጠዋት እጇ ገና ትኩስ ሳለ፣ አሥር ዕቃ ለክቶ መሄድ ከሁሉም የሚቀልል ሥራ ነው። ትክክለኛው ግን በተለያየ ሰዓት፣ በተለይም ከምሳ በኋላ፣ ከአንድ በላይ ሰው መለካት፣ ከዚያም ለድካም፣ ለውኃና ለሽንት ቤት፣ ክር ለመቀየር ጊዜ መጨመር ነው። እኛ ስንማር ከ10 በመቶ በታች አትጨምሩ ተብለናል። የአንቺን 50 ሰከንድ አይተው ለመስመሩ ሁሉ 65 ከጻፉ ያልጨመሩት ብዙ ነገር አለ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። መስመር የሚሄደው በዘገየችው ማሽን ፍጥነት ነው። አንቺ በ50 ሰከንድ ብትጨርሺ በሰዓት 72 ኮሌታ ትገጥሚያለሽ። እጅጌ ግን አንዱን ሸሚዝ በ65 ሰከንድ የምትጨርስ ከሆነ ከመስመሩ የሚወጣው 55 ነው፤ 72 ቢሆን 90 ቢሆን የአንቺ ፍጥነት ክምር ከማሳደግ ያለፈ ለማንም የሚጠቅመው የለም። በእያንዳንዱ ሸሚዝ 15 ሰከንድ ትጠብቂያለሽ። በ440 ሸሚዝ ሲባዛ በቀን 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይሆናል። ይህንን ሰዓት ፊት ማሽንሽን አቁመሽ ትጠብቂው ነበር፤ አሁን ያልተጨማደደ ጨርቅ እየዳበስሽ ትጠብቂዋለሽ። አንገትሽን የሚያነድደው ይህ ይመስለኛል፤ የሥራ መብዛት አይደለም።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ጥር ላይ የነበረው ጨርቅና አሁን ያለው አንድ ነው? ካልሆነስ የአሁኑ ምን ዓይነት ነው? ደግሞ እጅጌ ከመግጠሟ በፊት የቀኝና የግራውን ማን ነው የሚያጣምርላት?

ስለ ግማሽ ሰዓቷ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ የተረፈው ትርፍ ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከተሠራ በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። «ታርጌት አልሞላችሁም» የሚል ነፃ ግማሽ ሰዓት አዋጁ ውስጥ የለም። የቆያችሁበትን ቀን በማስታወሻ ጻፊ።


ቀጥተኛው

እህት፣ ነገሩን አታወሳስቢው። ጓደኛ የቤት ኪራይ አይከፍልልሽም። ፈጣን ከሆንሽ ፍጠኚ፣ እድገት ጠይቂ፤ የማትችል ትውጣ። ሁሉም በራሱ እጅ ነው የሚበላው።


ኮሌታ ገጣሚዋ

@ቀጥተኛው፦ ወንድሜ፣ ቦነሱ በራሴ እጅ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ምክርህን እሰማ ነበር። እርሷ 65 ካላወጣች እኔ 72 ብሠራም የእኔ ቦነስ ዜሮ ነው። የቤት ኪራይ ያልከውን ደግሞ ባለፈው ነሐሴ ታይፎይድ ይዞኝ 11 ቀን ስተኛ የእኔን ድርሻ የከፈለችልኝ ማን ትመስልሃለች?

@ባለሰዓቱ፦ አመሰግናለሁ፤ ይቅርታህንም ለዚያ ልጅ ተቀብዬለታለሁ። ጥያቄህን ሳነብ ራሴን በእጄ ነው የመታሁት። ጥር ላይ የነበረው ወጥ ሰማያዊ ጨርቅ ነው። የአሁኑ ባለ ካሬ ነው፤ ከየካቲት መጀመሪያ ጀምሮ። እኔ ዘንድ ኮሌታው ላይ ብዙ ለውጥ የለውም፤ እርሷ ግን የእጅጌውን ካሬ ከደረቱ ካሬ ጋር ማጋጠም አለባት፤ ካልገጠመ ይመለስባታል። ይህንን ጀርባዋን እያየሁ ሁለት ወር ሙሉ አላሰብኩትም። እጅጌዎቹ ደግሞ ሃያ ሃያው ታስሮ ነው የሚመጣላት። ራሷ ትፈታለች፣ በተለጠፈው ቁጥር ግራና ቀኙን እየፈለገች ታጣምራለች፣ ከዚያ ትገጥማለች።


የቡና ለቃሚዋ እናት (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ ይህንን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ እኔ እነግረዋለሁ።

እኔ ቡና ስለቅም 23 ዓመት ሠርቻለሁ። መጋዘን ውስጥ በረድፍ ተቀምጠን ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን እንለይ ነበር። ክፍያችን በተለቀመው ኬሻ ልክ ስለነበር ሁሉም ለራሷ ነው። እንደዚያም ሆኖ እጃችን አንድ ላይ ይሄድ ነበር። ወሬው ሞቅ ሲል እጅ ይፈጥናል፣ ሐዘን የሚወራ ከሆነ ይቀዘቅዛል። ይህንን ባለቤቱ አያውቅም፤ «ወሬ አቁሙ» ይለናል፤ ወሬ ያቆምን ቀን ኬሻው ያንሳል።

ከመካከላችን አንዲት ዓይኗ የደከመ ሴት ነበረች። ቀኑ ሲመሽ ሁልጊዜ እርሷ ወደ ኋላ ትቀራለች። ለእርሷ ብለን ቀስ አላልንም። ቀስ ብንል ሁላችንም ሳንበላ እናድራለን፣ እርሷም ይገባታል፣ ታፍራለች። ያደረግነው ምን መሰለሽ፣ ስንነሣና ስንቀመጥ ከተለቀመው እፍኝ እፍኝ ወደ እርሷ ሰፌድ ጣል እናደርግ ነበር። አላየሁም ትላለች፣ አልሰጠንም እንላለን። አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም።

አንቺ የቆረጥሽው ከራስሽ ላይ ነው፣ ለእርሷ ግን የደረሳት የለም። እፍኙ የት አለ? እስቲ እርሱን ፈልጊ። ውኃ ትጠጣ ደግሞ፤ ኩላሊት የሚያህል ነገር በሸሚዝ አይለወጥም።


አንባቢው (ባሕር ዳር)

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥራ አመራር አስተምራለሁ። ከፋብሪካ ይልቅ መጽሐፍ የማውቅ ሰው ነኝና እንደዚያው አድርጋችሁ ውሰዱት። ጽሑፍሽ ላይ «ከኋላዋ የምቀመጠው እኔ ነኝ» የሚለው ግን ቀጥ አድርጎ አስቀመጠኝ።

አሌክሳንድር ማስ እና ኤንሪኮ ሞሬቲ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት በአሜሪካ ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባዮች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ገንዘብ ተቀባዮቹ ልክ እንደ እናንተ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ ነው የሚሠሩት። ፈጣን ሰው ወደ ፈረቃው ሲገባ የሌሎቹም እጅ ይፈጥናል። ማን ነው የሚፈጥነው? ፈጣኑን የሚያየው ሰው ይመስለን ነበር፤ ከእርሱ ለመማር ወይም ለመፎካከር። አይደለም። የሚፈጥነው ፈጣኑ የሚያየው ሰው ነው፤ ከፊቱ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠው። ማለትም ሰውን የሚያስሮጠው የጎረቤቱ እጅ ሳይሆን የጎረቤቱ ዓይን ነው። ጥናቱ የለካው ፍጥነትን ነው፤ ትከሻን አልለካም፤ የእጅ አንጓንም አልለካም። አንቺ የጻፍሽው ያንን ያልተለካውን ነው።

ፍጥነትን ሆን ብሎ መቀነስም ያንቺ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1932 ከቺካጎ አጠገብ በሚገኘው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ሆውቶርን ፋብሪካ 14 ወንዶች የስልክ መቀያየሪያ ዕቃ ሲገጣጥሙ አንድ አጥኚ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ተመለከታቸው። ሠራተኞቹ በቀን ሁለት ዕቃ «ይበቃል» ብለው በመካከላቸው ተስማምተው ነበር። ከዚያ ያለፈውን ክንዱን በቡጢ ይመቱታል፤ በጣም ያነሰውንም እንዲሁ ይሰድቡታል። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ ብዙ ከሠራን ልኩን ከፍ ያደርጉብናል አሉ። ያንቺን ሰሌዳ ያዩ ይመስላል። ልዩነቱ እነርሱ ተስማምተው ነው የቀነሱት፤ አንቺ ግን ብቻሽን፣ ሳትነግሪያት። ምናልባት ቅዝቃዜዋ የመጣው ከዚያ ይሆናል፤ ግምቴ ነው።


የሌሊት ፈረቃ (ሚኒሶታ)

እኔ ደግሞ ከፊቴም ከኋላዬም ሰው የለም። መጋዘን ውስጥ ሌሊት ዕቃ እሰበስባለሁ፤ እጄ ላይ ያለችው መቃኛ በሰዓት ስንት እንዳነሣሁ ትነግረኛለች። ትቀላለች፣ ቢጫ ትሆናለች፣ ትደምቃለች። ከእርሷ ጋር ምሳ መብላት አይቻልም።

ስትጽፊ ያስታወስሽኝ ነገር አለ። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ሶማሌ ወንድም ጋር ጎን ለጎን ሣጥን እናሽግ ነበር። ቋንቋችን አይገናኝም፤ የሁለታችንም እንግሊዝኛ አንድ ላይ ቢደመር አንድ ሙሉ ሰው አይሞላም። ግን እርሱ ሣጥን ሲያነሣ እኔም አነሣለሁ፣ እኔ ቴፕ ስጎትት እርሱም ይጎትታል። ማን ማንን እንደሚከተል አላውቅም። ሌሊቱ ያጥር ነበር። በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱት። የምሠራው ቁጥር ያው ነው፣ ግን ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ ይሰማኛል፣ ወገቤ ይሰማኛል። ስለዚህ ከሰው ጋር እኩል መሄድ በራሱ ክፉ ነው ብለሽ እንዳትደመድሚ። የሚከብደው አንዱ ሲጎተት ነው።

ስለ ሽንት ቤቷ ያነበብኩት አናደደኝ። እዚህ ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የመጋዘን ሠራተኞች ሕግ አለ፤ ካሊፎርኒያ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ተመሳሳዩን ትሠራበታለች። ከሠራተኛው የሚጠበቀው ልክ በጽሑፍ እንዲነገረው ያስገድዳል፤ ሽንት ቤት እንዳይሄድ ወይም ዕረፍቱን እንዳይወስድ የሚያደርግ ልክ ደግሞ አይጸናም። የእናንተ አገር ሕግ ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን «65ቱ ከየት መጣ? በጽሑፍ አሳዩን» ብሎ መጠየቅ ድንበር የለውም። ብቻሽን ግን አትጠይቂ፤ ኪስም ትከሻም እጅጌም አብረውሽ ይሂዱ።


ባለሰዓቱ

ባለ ካሬ! ገና ከመጀመሪያው ይህንን ብትጽፊ ኖሮ ግማሹን መልሴን አልጽፍም ነበር። በወጥ ጨርቅ የተለካ ጊዜ ለካሬ አይሠራም፤ ዳግም መለካት አለበት። ለሱፐርቫይዘራችሁ «ዘገየች» አትበሉት፤ «ጨርቁ ከተቀየረ አልተለካም» በሉት። በዚህ ቋንቋ ከተነገረው ለበላዮቹ ይዞት የሚሄደው ነገር ያገኛል፤ እርሱም ከላይ የሚጮኽበት ሰው አለው።

እናታችን ከድሬዳዋ የተናገሩት ደግሞ የእኛ ሙያ ሙሉ ትምህርት ነው፤ እኛ መስመር ማመጣጠን እንለዋለን። ማጣመሩን ከእርሷ ውሰጂ። እስሩ ወደ አንቺ ይምጣ፤ ግራና ቀኙን በቁጥሩ አጣምረሽ ከሸሚዙ ጋር አብረሽ አቀብያት። በግምት 8 ሰከንድ ነው። የአንቺ 50 ወደ 58 ይሄዳል፣ የእርሷ 65 ወደ 57 ይወርዳል። መስመሩ በሰዓት ከ55 ወደ 62 ያድጋል። 65 አይሞላም፤ 65 ግን ለዚህ ጨርቅ መጀመሪያውኑ ስህተት ነው። እጅሽም በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ጨርቅ መዳበስ ይቀራል።


ኮሌታ ገጣሚዋ

ሦስት ሳምንት ዝም ብዬ ጠፋሁ፤ ይቅርታ።

ከሁሉም በፊት እጅጌን አናገርኳት። እሑድ ሐይቁ ዳር ሄደን ዓሣ በላን፤ ማለት እኔ በላሁ፣ እርሷ ዓሣውን ትበታትን ነበር። ቀስ የምለው ሆን ብዬ መሆኑን ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ማሽንሽ ይሰማኛል እኮ። ፊት ሲቆም ይሰማኝ ነበር፤ ከጀርባዬ ጸጥ ሲል ሰደበችኝ እላለሁ። አሁን ደግሞ እያዘገመ ሲሄድ ይሰማኛል፤ አዘነችልኝ እላለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።» አንባቢው ዓይን ነው አልክ፤ በእኛ ቤት ጆሮም አለበት። ለመመለስ ፈልጌ ቃል አጣሁ። ዓሣውን ገፋ አደረግኩላት።

ከዚያ ስለ ማጣመሩ ነገርኳት። መጀመሪያ እንቢ አለች፤ «የእኔን ሥራ አልችልም ብለሽ ልትነግሪያቸው ነው» ብላ። የቡና ለቃሚዋን እናት ጽሑፍ በስልኬ አነበብኩላት። እፍኟ ላይ ስደርስ ሳቀች። እማማ፣ የልጅ ልጅዎ ይህንን ያንብብልዎት፤ ውኃውንም ጀምራለች፤ የግማሽ ሊትር ኮዳ ይዛ ትመጣለች።

ለሱፐርቫይዘሩ ስድስት ሆነን ነው የሄድነው። «ጨርቁ ከተቀየረ አልተለካም» ስንለው መጀመሪያ ማን እንዳስተማረን ጠየቀ። ኪስ «ጨርቁ ራሱ» አለችው። በሦስተኛው ቀን ያው ሰዓት የያዘው ልጅ መጣ። በዚህ ጊዜ እጄን ያዝ አድርጌ ሠራሁለት፤ ዋሸሁ አትበሉኝ፣ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ስለነበር እጄ ራሱ ደክሞ ነበር። ሰሌዳው ላይ 60 ተጻፈ። ማጣመሩም ወደ እኔ መጣ። ባለሰዓቱ 8 ሰከንድ ያልከው ልክ ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን 12 ነበር፣ ቁጥሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ዓይኔ ይፈልግ ነበር። አሁን ለመድኩት። አንገቴ ቀሎኛል፤ ባለፈው ሳምንት አንድም ሸሚዝ አልተመለሰብኝም። ያለ ክፍያ የቆየንበት ሰዓት ግን እስካሁን አልተከፈለም፤ ቀኖቹን ጽፈን ለሠራተኛ ማኅበሩ ሰጥተናል፤ መልስ እንጠብቃለን።

የምሳው ሳህን ላይ ቦታ ተገኝቷል። ሞቅ ያለ ነው አልልም፤ የታርጌቱ ነገር ገና የሚቆጠቁጣት አንዷ እንጀራውን ከእኔ በኩል ሳይሆን ከወዲያ በኩል ነው የምትቆርሰው። ይሁን።

አንድ ነገር ግን አልጠበቅሁም። አሁን ከሁለታችን የምዘገየው እኔ ነኝ፤ በአንዲት ሰከንድ። የትከሻ ገጣሚዋ ደግሞ ከኋላዬ ናት፣ አዲስ ናት፣ 19 ዓመቷ ነው፣ እጇ እሳት ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከጎኔ ስመለከት ዐሥሩ ሸሚዝ ሞልቷል። ትንሽ ቆየና ከጀርባዬ ማሽኗ ጸጥ አለ።

አልዞርኩም።